ከ2,500 መቀመጫ በላይ

ከዋሽንግተን በባቡር ተሳፍሮ ኒውዮርክ የሚገባ መንገደኛ ከተማዋ መሀል መድረሱን የሚያውቀው ዓይኑ አይቶ አይደለም፤ በድምፅ ማጉያ ተነግሮት ነው። ባቡሩ የኒው ጀርሲን ረግረግ አቋርጦ ድንገት መሬት ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ይጨልማል። ከላይ የሀድሰን ወንዝ ይፈሳል። ባቡሩ ሲቆም የሚጠብቀው ጠባብ መድረክ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያና የሚጋፋ ሕዝብ ነው። ከዚያ ጣሪያ በላይ ደግሞ ሃያ ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተቀምጧል። ከታች ሰዉ ባቡር ይጠብቃል፤ ከላይ ቅርጫት ኳስ ይጫወቱበታል።

ጥድፊያው ካልበረታ ግን አንድ ነገር ልብ ይባላል። ከመድረኩ ወደ ላይ ከሚወጡት ደረጃዎች አንዳንዶቹ በዙሪያቸው ካለው ሁሉ ጋር የማይሄድ የናስና የብረት መደገፊያ አላቸው። ናሱ ወፍራም ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የመንገደኛ መዳፍ ሲያሸው ኖሯል። በላዩ የነበረው ሕንፃ በሙሉ ሲፈርስ እርሱ ቀረ፤ ባቡሮቹ አንድም ቀን ስላልቆሙ ደረጃው ያስፈልግ ነበርና።

የፈረሰው ሕንፃ ኒውዮርኮች «ፔን ስቴሽን» የሚሉት የፔንስልቬኒያ ባቡር ጣቢያ ነው። በ1910 ተከፈተ፤ መፍረስ የጀመረው በ1963 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚናገር ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ ይጀምራል። እኛም እንጀምርበት፤ የምንከተለው ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ጣቢያው ከመፍረሱ በፊት ከተማዋ በይፋ የጠየቀችው ጥያቄ የሰፈረው በዚያ ወረቀት ላይ ነውና።

ወንዙን መሻገር

በ1900 ገደማ የፔንስልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ከአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ሆኖም አንድ ወንዝ አሳፍሮታል። ሐዲዱ ኒው ጀርሲ፣ ከሀድሰን ማዶ ያልቃል። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ፣ በጀልባ ነበር ወደ ማንሃተን የሚሻገረው። ተፎካካሪው ኒውዮርክ ሴንትራል ግን በሰሜን በኩል ዞሮ ባቡሩን ከተማው መሀል ያስገባ ነበር።

በወንዙ ሥር ዋሻ መቆፈር የማይታሰብ አልነበረም፤ የማይታሰበው በእንፋሎት ባቡር በዚያ ዋሻ ማለፍ ነው። የከሰል ጭስ ረጅም ዋሻ ውስጥ ከታመቀ ሰው ይፈጃል። መፍትሔው የታየው ፓሪስ ላይ ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ካሳት በ1901 እህቱን፣ ሠዓሊዋን ሜሪ ካሳትን ሊጠይቅ ፓሪስ ሄዶ በአዲሱ የኦርሴ ጣቢያ ባቡሮች በኤሌክትሪክ እየተሳቡ በመሬት ሥር ሲገቡ ተመለከተ። ጭስ የለም። ካሳት ወደ አገሩ ሲመለስ ነገሩን ጨርሶ ነበር፤ ሁለት ዋሻዎች በሀድሰን ሥር፣ አራት ደግሞ በምሥራቅ በኩል ባለው ኢስት ሪቨር ሥር ይቆፈራሉ፤ መካከሉ ላይ ጣቢያ ይቆማል።

ሕንፃውን እንዲነድፍ የተጠራው ቻርልስ ማኪም ነው። ካሳት ከጣቢያው በላይ ሆቴል ቢሠራ ያዋጣል ብሎ አስቦ ነበር። ማኪም አሳመነውና ሐሳቡ ቀረ፤ የታላቅ ከተማ በር ከላዩ ጭነት አይኖረውም አለ። ይህን ጭውውት አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በጣቢያው ላይ የቀረው ባዶ አየር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ዋጋ ያወጣል።

ማኪም የጥንቷን ሮም የካራካላ መታጠቢያ አርአያ አድርጎ የሠራው ዋናው የመጠበቂያ አዳራሽ ጣሪያው 45 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው፤ ዛሬ በምንሠራው ፎቅ ብንለካው አሥራ አምስት ፎቅ ይገባበታል። ውጩ ከማሳቹሴትስ የመጣ ሮዝማ ግራናይት ሲሆን ዙሪያውን 84 ዓምዶች ቆመውለታል። ውስጡ ከጣሊያን የመጣ፣ ትራቨርቲን የሚባል የማር መልክ ያለው ድንጋይ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ላይ አዶልፍ ዋይንማን የቀረጻቸው 22 ትልልቅ የድንጋይ ንስሮች ተደርድረዋል። ከአዳራሹ ቀጥሎ ጣሪያው ብረትና መስታወት ብቻ የሆነ ሰፊ ቦታ አለ። ወለሉ ላይም የመስታወት ጡቦች ተነጥፈው ነበርና የፀሐይ ብርሃን ጣሪያውን አልፎ፣ የመንገደኛውን እግር አልፎ፣ ታች ሐዲዱ ድረስ ይወርዳል። ከወንዝ ሥር የወጣ ሰው ገና ከባቡሩ ሳይወርድ ቀን መሆኑን ያውቃል ማለት ነው።

ካሳት በ1906 መጨረሻ፣ ማኪም በ1909 ሞቱ። የደከሙበትን አዳራሽ ተከፍቶ አላዩትም።

ሌላም ያላዩት ነበሩ። ጣቢያው ያረፈው ሦስት ሄክታር በሚያልፍ ቦታ ላይ ነው፤ ቦታው ደግሞ ባዶ አልነበረም። ቴንደርሎይን ይባል የነበረ፣ ድሆች፣ ስደተኞችና ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ኩባንያው ዋጋ እንዳይወደድበት በወኪሎች በኩል ድምፁን አጥፍቶ እየገዛ አምስት መቶ ያህል ቤቶች አፈረሰ። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም፤ ሰፈር ሲነሣ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚነሣው፤ ዕድሩም ጉርብትናውም ነው። ስለዚህ ፔን ስቴሽን ራሱ የፈረሳ ልጅ ነው። ይህን ሳንናገር ሕንፃውን ብቻ ብናለቅስለት ለቅሶው ጎደሎ ይሆናል።

ሕንፃ እንዴት ያረጃል

በ1945፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀበት ዓመት፣ በጣቢያው ከመቶ ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አልፏል። ወታደሩ ሲዘምትም ሲመለስም፣ ሚስት ባሏን ስትሸኝም ስትቀበልም በዚያ አዳራሽ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1946፣ ኩባንያው በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን በኪሳራ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። አሜሪካዊው መኪና ገዛ። በ1956 የፌዴራሉ መንግሥት አገሪቱን በአውራ ጎዳና የሚያገናኝ ሕግ አወጣ፤ መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ነው፤ ሐዲዱን ግን ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ይጠግናል፤ ግብርም ይከፍልበታል። በ1958 ጄት አውሮፕላን መጣ። ባቡር የሚሳፈረው ሰው ሲያንስ ትልቁ አዳራሽ ትልቅ ወጪ ሆነ።

ሕንፃ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ መታጠብ ይቀራል። ሮዙ ግራናይት ጥላሸት ጠጥቶ ጠቆረ። ቀጥሎ ክብሩ ይቀራል። አዳራሹ ውስጥ ሱቆችና የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በዙ፤ አዳዲስ መኪኖች ለሽያጭ ማሳያ ቆሙ፤ መንገደኛውን የነጠቀው መኪና እዚያው ባቡር ጣቢያ ውስጥ! በ1956 ደግሞ በአዳራሹ መካከል ዘመናዊ የትኬት መሸጫ ተተከለ፤ በላዩ እንደ ቀፎ የታጠፈ፣ በኤሌክትሪክ የሚያበራ ትልቅ ጣሪያ ከጥንቶቹ ዓምዶች ጋር በገመድ ታስሮ ተንጠለጠለ። ዓይን ያንን ካየ በኋላ ከፍ ብሎ 45 ሜትሩን ጣሪያ አይፈልግም።

ጥገና እያዘገዩ ሕንፃን የማጎሳቆል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሆን ተብሎ ይደረግ ወይም በእጦት፣ ውጤቱ አንድ ነው። ቆሻሻ ሕንፃ ጠበቃ የለውም። በ1961 ጣቢያው ሊፈርስ ነው ሲባል ብዙው ኒውዮርካዊ በልቡ የሚያየው የጠቆረ፣ የሚያፈስ፣ ጊዜ ያለፈበት ቤት ነበር።

ከዚህ ጋር የአየሩ ጉዳይ መጣ። ማንሃተን ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ያለው ነገር ሁለት ነው፤ መሬቱና ከመሬቱ በላይ ሊሠራበት የሚፈቀድለት ከፍታ። ሁለተኛው «የአየር መብት» ይባላል፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይከራያል። ፔን ስቴሽን ሁለት ሙሉ ብሎክ ይዞ ከላዩ ባዶ ነበር። ማኪም ለውበት ብሎ የተወው ባዶነት በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ዕለት ዕለት የሚባክን ገንዘብ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንድ ባለሀብት አየሩን ለመግዛት ውል ያዘ፤ አልሆነለትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሰዎች መጡና ተሳካላቸው። ኩባንያው ከላይ ያለውን አየር ይሰጣል፤ በምትኩ ምንም ሳይከፍል ከመሬት በታች አነስ ያለ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ጣቢያ ይሠራለታል፤ ከአዲሱ የስፖርት አዳራሽ ድርጅትም ሩብ ድርሻ ይይዛል። ለከሰረ ድርጅት ይህ ከሰማይ የወረደ መና ነው።

ስለ ወንበር የተጠራ ስብሰባ

ነሐሴ 2 ቀን 1962 ማታ፣ ሠራተኛ ወደ ቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች መፈክር ይዘው በጣቢያው ፊት ተሰለፉ። አብዛኞቹ ወጣት አርክቴክቶች ናቸው፤ ሱፍ ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል። ስለ ከተሞች የጻፈችው ጄን ጄኮብስና አርክቴክቱ ፊሊፕ ጆንሰን ከመካከላቸው ነበሩ። መንገደኛው እያያቸው አለፈ፤ ባቡሩ እንዳያመልጠው።

ሰልፈኞቹ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። የከተማዋ ሕግ ለእነርሱ የሚሆን በር አልነበረውም። ባለቤት የራሱን ሕንፃ ሲያፈርስ «ይህ ቤት ለከተማው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ኒውዮርክ ውስጥ ሥልጣን አልነበረውም። የኒውዮርክ ግዛት እንዲያውም ከ1956 ጀምሮ ከተሞች እንዲህ ያለ ሕግ እንዲያወጡ ፈቅዶ ነበር። ከተማዋ ሥልጣኑን ሳትጠቀምበት ስድስት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ተገኘ። በከተማዋ የቦታ አጠቃቀም ደንብ መሠረት ከ2,500 በላይ መቀመጫ ያለው አዳራሽ ለመሥራት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጥር 1963 የከተማ ፕላን ኮሚሽን ሕዝብ ሰብስቦ አስተያየት ሰማ። የመጡት ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ሮም ተናገሩ። ኮሚሽኑ የመወሰን ሥልጣን ያለው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በዚህ ቦታ ይህን ያህል ወንበር ቢደረደር ትራፊኩን ያውካል ወይስ አያውክም? ጣቢያው ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚለው በአጀንዳው ላይ የለም። ስለ ቤት ሊከራከር የሄደ ሰው ስለ ወንበር መልስ ተሰጥቶት ተመለሰ። ፈቃዱ ለ50 ዓመት ተሰጠ፤ መጀመሪያ ላይ ያልነው ወረቀት እርሱ ነው።

ሦስት ዓመት

ጥቅምት 28 ቀን 1963፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ የድንጋይ መሰርሰሪያው ሥራ ጀመረ። በዚያው ቀን ከንስሮቹ አንዱ በክሬን ታስሮ ወረደ። የራስ ቁር ያጠለቁ ሰዎች ከጎኑ ቆመው ፎቶ ተነሡ።

ከሁለት ቀን በኋላ የኒውዮርክ ታይምስ ርዕሰ አንቀጽ ወጣ፤ የጋዜጣዋ የሥነ ሕንፃ ሐያሲ ኤዳ ልዊዝ ሀክስተብል እጅ ነበረበት። ፍሬ ነገሩ አንድ ትውልድ የሚፈረድበት በሠራው ሳይሆን ባፈረሰው ነው የሚል ነው።

ማፍረሱ ሦስት ዓመት ፈጀ። ያረጀ የተባለው ቤት አልፈርስም ብሎ ሳይሆን አይቀርም ያሰኛል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከታች ባቡሮቹ እየሠሩ ነበር። በሐዲዱ ላይ የብረት ወለል ተዘረጋ፤ ከላዩ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ከሥሩ ሰዉ ይሳፈራል። የአዲሱን አዳራሽ ክብደት የሚሸከሙት ምሰሶዎች በመሳፈሪያ መድረኮቹ መካከል ተተከሉ። ዛሬ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ በጎን የሚያልፋቸው እነዚህን ነው፤ መድረኩን ያጠበቡት እነርሱ ናቸው።

ፍርስራሹስ የት ሄደ? በጭነት መኪና እየተጫነ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ፣ ሴኮከስ አካባቢ ባለው ረግረግ ተጣለ። ዓምዶቹ በጭቃ ላይ ተንጋለው የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉ። በምዕራፉ መጀመሪያ ባቡሩ አቋርጦት ያለፈው ረግረግ ያ ነው። መንገደኛው ወደ ከተማ የሚገባው የከተማዋ በር በተቀበረበት ሜዳ በኩል ነው።

ንስሮቹ የተሻለ ዕድል ገጠማቸው። ሁለቱ ዛሬም በሰባተኛው ጎዳና በኩል፣ ከማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ፊት ለፊት፣ በሰው ቁመት ልክ በሚሆን መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከሰማይ ጥግ እንዲታዩ የተቀረጹ ወፎች ናቸው፤ ቀርቦ ላያቸው ላባቸው ሸካራ፣ ጥፍራቸው ከልክ በላይ ግዙፍ ነው። አራት ደግሞ ፊላደልፊያ ውስጥ የአንድ ድልድይ ማዕዘኖችን ይጠብቃሉ።

ኩባንያውን ያ ሁሉ አላዳነውም። በየካቲት 1968 አዲሱ አዳራሽ ተመረቀ። በዚያው ወር ኩባንያው ከቀድሞ ተፎካካሪው ከኒውዮርክ ሴንትራል ጋር ተዋሐደ። በ1970 ውሕዱ ድርጅት ከሰረ፤ እስከዚያ ዘመን በአሜሪካ ታይቶ የማያውቅ ኪሳራ ነበር። አየሩ ተሸጠ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ሻጩም ሞተ።

ጅብ ከሄደ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፤ ምጸት ነው። የኒውዮርክ ውሻ ግን ዘግይቶ ጮኾ ቀጣዩን ጅብ አባረረ።

ሚያዝያ 19 ቀን 1965 ከንቲባ ሮበርት ዋግነር የቅርስ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግን ፈረሙ። ሕጉን ፔን ስቴሽን ብቻውን ወለደው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ከንቲባው ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ያቋቋሙት ከፈረሳው በፊት ነበር፤ በ1965 መጀመሪያ ላይም በአምስተኛው ጎዳና የነበረ አንድ የታወቀ የባለጸጋ መኖሪያ መፍረሱ ቁጣውን አባብሶታል። ሆኖም በከተማው መሀል የታየው ፍርስራሽ የማይናገረውን ሰው ሁሉ አናገረው።

ሕጉ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ነው። ቢያንስ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሕንፃ በታሪኩ ወይም በውበቱ ተመርጦ ይመዘገባል። ከተመዘገበ በኋላ ባለቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይቀጥላል፤ ያከራየዋል፣ ይሸጠዋል። ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ ግን አያፈርሰውም፣ የውጭ መልኩንም አይለውጠውም። ቤቱ አላዋጣኝም የሚል ካለ ሒሳቡን አቅርቦ አቤት የሚልበት አንቀጽም አለ።

ፈተናው ብዙ አልቆየም። ከፔን ስቴሽን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ አለ፤ በ1967 ተመዝግቧል። በማግስቱ ዓመት ባለቤቱ፣ ያው የተዋሐደው ኩባንያ፣ በላዩ 55 ፎቅ ሊሠራ ዕቅድ አቀረበ። ኮሚሽኑ ከለከለ። ኩባንያው «አየሬን ያለ ካሳ ወሰዳችሁብኝ» ብሎ ከሰሰ። በ1975 በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ኩባንያው ሲያሸንፍ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባለቤት የነበረችው ዣክሊን ኬኔዲ ኦናሲስ ከጣቢያው ተሟጋቾች ጎን ቆመች፤ ጋዜጣው ሁሉ ተከተላት። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 1978 በ6 ለ3 ድምፅ ተቋጨ። ዳኞቹ ያሉት ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ጣቢያውን እንደ ጣቢያ እየተጠቀመበት ገቢ ያገኛል፤ ያልተጠቀመበትን አየር ደግሞ በአቅራቢያው ወዳሉ ቦታዎች ማዛወር ይችላል፤ ስለዚህ ንብረቱ አልተወረሰም። ፔን ስቴሽንን የገደለው የአየር ንግድ ግራንድ ሴንትራልን አተረፈ። ሸቀጡ ያው ነው፤ የሚሸጥበት በር ግን ዞረ።

ካሳት የቀናበት የፓሪሱ የኦርሴ ጣቢያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሆቴል ሊተካ ለጥቂት ተረፈ። በ1986 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። አባቱ ቆሞ ልጁ ፈረሰ።

ወረቀቱ ሲመለስ

ኒውዮርክ ያጣችውን በከፊል ለመመለስ ሞክራለች። ከጣቢያው ማዶ፣ በስምንተኛው ጎዳና፣ እነማኪም ራሳቸው የነደፉት ትልቅ የፖስታ ቤት ሕንፃ አለ። ሐዲዶቹ ከሥሩ ያልፋሉ። በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ታድሶ፣ በመስታወት ጣሪያ ተሸፍኖ፣ በጥር 1 ቀን 2021 የባቡር አዳራሽ ሆነ። ያማረ ነው። ዕለት ዕለት ወደ ሥራ የሚመላለሰው ሠራተኛ ግን አብዛኛው አሁንም በምድር ቤቱ ነው የሚተላለፈው፤ ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በቀን ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ይተራመስበት ነበር።

ያ ወረቀት ተመልሶ የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1963 ለወንበሮቹ የተሰጠው የ50 ዓመት ፈቃድ በ2013 አለቀ። የስፖርት አዳራሹ ባለቤቶች ጊዜ የማይገድበው ፈቃድ ጠየቁ። ከተማዋ አሥር ዓመት ሰጠች፤ እስከዚያ ሌላ ቦታ ፈልጉ ለማለት ያህል። አሥሩ ዓመት በ2023 ሲያልቅ አዳራሹ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የከተማው ምክር ቤት በዚያን ጊዜ አምስት ዓመት ብቻ ጨመረ።

ደንቡ አልተለወጠም፤ በዚህ ቦታ ከ2,500 በላይ መቀመጫ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ ነው የሚለው። በ1963 ስለ ጣቢያው ሊናገር የሄደ ሰው ሁሉ መልስ ያገኘው ስለ ወንበር ነበር። ዛሬ ከተማዋ ስለ ወንበር ስትጠይቅ መልስ የሚሰጣት ሁሉ የሚናገረው ስለ ጣቢያው ነው።